ሎዛና የኮሪደሩ ነጭ መስመር

ሎዛ ይታያል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ እዚሁ ሰመራ ነው። ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ካሉት የመንግሥት ቤቶች አንዱ ነው። ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ጓዳ፣ መታጠቢያ ቤትና ማድቤት አለው፤ መሐል ለመሐል ደግሞ ጠባብ ኮሪደር ያልፋል። አባቷ ይታያል የተሳቢ መኪና ሹፌር ነው። እናቷ የዓለምወርቅ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። አዎ፣ አሁን አድጋ እዚህ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የምታስጠናችሁ ያቺው ሎዛ ናት። አትሳቀቁ፤ ይህን ታሪክ ለልጆቹ ይንገሩልኝ ያለችኝ ራሷ ናት።

ሎዛ ክፉ ልጅ አልነበረችም። እግሯ ግን አያርፍም ነበር። ሰው ሲቀመጥ ትነሣለች፤ ሲነሣ ትሮጣለች። አንድ ነገር ሊነግሯት ሲጀምሩ ግማሹን ሰምታ ትሄዳለች። ከእናንተ መሐል እንዲህ ያለ ልጅ አለ? አለ። ስሙን አልጠራም፤ ወንበሩን ማንጫጫቱን ግን ያቁምልኝ።

የሰኔ ፈተና ያለቀ ሰሞን የነሎዛ ቤት ሊቀባ ሆነ። ምክንያቱም የእናቷ አባት አባባ ቻላቸው ከደሴ መጥተው አብረዋቸው ሊኖሩ ነው። አባባ ቻላቸው አርባ ዓመት ሙሉ ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ጨለማና ብርሃን ይለያሉ፤ ጥቁር ነገር ነጭ ነገር አጠገብ ከቆመ ይታያቸዋል። ከዚያ ያለፈ አያዩም። ሰው እጃቸውን ይዞ ሲመራቸው ግን በጣም ይከፋቸዋል። እንደ በግ የምጎተት ከሆነ እዚሁ ደሴ ልቅር ብለው ሁለት ጊዜ እምቢ ብለዋል። በሦስተኛው እሺ ያሉት የዓለምወርቅ ቃል ስለገባችላቸው ነው።

"አባዬ፣ ብቻዎን የሚሄዱበት ቤት አዘጋጅልዎታለሁ" ነበር ያለቻቸው።

እናቲቱ ብዙ አሰበች። የቤቱ በሮች ጠቆር ያለ ቡናማ ናቸው። ግድግዳው ክሬም ቢቀባ በሮቹ ለብቻቸው ጎልተው ለአባቷ ይታያሉ። ጠርዙን እያዩ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ማድቤት ማንም ሳይመራቸው ይሄዳሉ። የቀለም ካታሎጉን ዘርግታ ይህንን ለሎዛ ልታስረዳት ጀመረች። "ክሬም የመረጥኩት ለአባባ ብዬ ነው፣ ዓይናቸው..." ስትል ሎዛ በሩ ላይ ነበረች። "ዓይናቸው" የሚለውን ሰማች። የቀረውን ንፋስ ወሰደው።

ሎዛ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ጎረቤቷና ጓደኛዋ አሪፋ ቤታቸው በቅርቡ ተቀብቷል። ሳሎናቸው ጥልቅ ሰማያዊ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ውሃ ውስጥ እንደ መቀመጥ ነው፣ ሙቀቱን ያወርደዋል ብላ አሪፋ ነግራታለች። ልጆች፣ በሰመራ ሰኔ ያቀዘቅዛል የተባለ ነገር ሁሉ ይታመናል። እኔ ራሴ እርጥብ ፎጣ አናቴ ላይ ጥዬ ያስተማርኳችሁን ረሳችሁት? ሎዛም አመነች። ክሬም የሐኪም ቤት ቀለም ነው፣ ሰማያዊ ይሁን ብላ ሁለት ቀን ሙሉ እናቷን ነዘነዘቻት። እናቷ እምቢ አለች።

ያን ጊዜ በሰፈራችን ሱቆች የሚገኘው ነጭና ተዘጋጅቶ የመጣ ቀለም ብቻ ነበር። የፈለጉትን ቀለም በቁጥር የሚቀላቅል ማሽን ያለው አዋሽ፣ ጋሽ ጀማሉዲን ሱቅ ነው። ጋሽ ጀማሉዲን ወሎዬ ናቸው፤ ከነሎዛ ቤተሰብ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ይተዋወቃሉ። አባቷ ማክሰኞ ጭነት ይዞ አዋሽ ሊያራግፍ፣ ረቡዕ ሊመለስ ነው። ሎዛም አብራው እንድትሄድ ተፈቀደላት። እናቷ በወረቀት "ክሬም፣ ቁጥር 14" ብላ ጻፈችና ካታሎጉን ጨምራ ሰጠቻት። ወረቀቱን ለጋሽ ጀማሉዲን በእጃቸው እንድትሰጥ አደራ አለቻት። እናቷ ራሷ ደግሞ ረቡዕ ጠዋት አባባ ቻላቸውን ለማምጣት ወደ ደሴ ልትሄድ ነው።

መንገዱ ለሎዛ አላልቅ አለ። ካታሎጉን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጣቷን ከ14 ወደ 37 ታመላልሳለች። 37 ያ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ሚሌ ሲደርሱ 37 ብላ ቆርጣ ነበር። አዳይቱ ላይ ፈርታ ወደ 14 ተመለሰች። ገዋኔ ላይ አባቷ ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ እንደገና ካታሎጉን ገለጠች። ቂጧ ወንበሩ ላይ አልረጋ አለ። መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አባቷ ጉንዳን የገባባት መስሎት ልብሷን እንድታራግፍ ነገራት።

አዋሽ ሲደርሱ አባቷ ጎሚስታ ቤት ቆመ። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው። ወረቀቱን ሰጥታ እንድትመለስ ላካት። ሎዛ አስፋልቱን ስትሻገር ወረቀቱ እጇ ላይ ነበር። ሱቁ በር ላይ ስትደርስ ኪሷ ውስጥ ነበር።

ጋሽ ጀማሉዲን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ሳሟት። ስለ እናቷ ጠየቋት። ከዚያ ወረቀት ይዛ እንደሆነ ጠየቋት። ሎዛ በመንገድ ላይ ጠፍቶብኛል፣ ቁጥሩን ግን በቃሌ ይዤዋለሁ፣ 37 ነው አለች። እሳቸው ለእናቷ ልደውልላት አሉ። ሎዛም፣ እማዬ ስብሰባ ላይ ናት፣ አታነሣም አለች።

"ልጄ፣ ቀለም አንዴ ከተቀላቀለ ወዲያ አይለይም" አሉ ጋሽ ጀማሉዲን። "እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ" አለች ሎዛ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ማሽኑ ሰማያዊውን በነጩ ላይ አንጠባጠበ። ባልዲውን ይዞ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሎዛ ሁለት ጊዜ ይቆዩ ልትል አፏን ከፈተች፤ ሁለቱንም ጊዜ ዘጋችው። ክዳኑ ተመታ። አባቷ መጣ፣ ባልዲዎቹን ሳይከፍት ጭኖ አመሰገነ።

በማግሥቱ ሲመለሱ፣ አዳይቱ ጋ ሲቃረቡ ንፋስ ተነሣ። አቧራው መንገዱን ሸፈነው። ከፊት ያለው መኪና ጠፋ፣ ግራና ቀኙም ጠፋ። ሎዛ የአባቷን ክንድ ያዘች። አባቷ ፍጥነቱን ቀንሶ ዝም ብሎ ይነዳል። ምን እያየህ ነው የምትነዳው ብላ ጠየቀችው።

"የአስፋልቱን ጠርዝ ነጭ መስመር" አላት። "እሱን ካልለቀቅኩ ከመንገድ አልወጣም።"

ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

ቤት ሲደርሱ እናቷ ወደ ደሴ ሄዳለች። አባቷም በዚያው ወደ ጅቡቲ ቀጠለ። ሎዛ የአሪፋ እናት እትዬ ኸሊዳ ቤት እንድትሰነብት ተደረገ። ሐሙስ ጠዋት ቀለም ቀቢው አብዱናሲር መጣ። መጀመሪያ ኮርኒሱን ነጭ ቀባ። ከዚያ የግድግዳውን ባልዲ ከፈተና ራሱን አከከ። እናቷ ክሬም ያለችው እንደሚመስለው ለሎዛ ነገራት። ሎዛ ቀይራለች አለችው። አያችሁ ልጆች፣ የመጀመሪያው ውሸት ብቻውን መኖር አይወድም፤ ጎረቤት ይፈልጋል። አብዱናሲር የታዘዘውን የሚሠራ ሰው ነው። ሮለሩን ነክሮ ጀመረ። እስከ ዓርብ ማታ ሳሎኑም ኮሪደሩም ሰማያዊ ሆኑ።

ሎዛ አሪፋን ጠርታ አሳየቻት። ሁለቱም ኮሪደሩ መሐል ቆመው ቅዝቃዜውን ጠበቁ። ላብ በላብ ሆኑ። ሙቀቱ እንደሆነ እዚያው ነበር። መስኮት የሌለው ኮሪደር ደግሞ እንደ ተዘጋ ሣጥን ጨለመ። አሪፋ ቆይቶ ይቀዘቅዝ ይሆናል አለችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እናቷና አባባ ቻላቸው ደረሱ። የዓለምወርቅ በሩን ከፍታ ገባች። ሻንጣውን ሳታስቀምጥ ቆማ ቀረች። ከኋላዋ አባባ ቻላቸው ከዘራቸውን ይዘው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ገቡ። ልጃቸው ቃል የገባችላቸውን ቤት ሊያዩ ነው። ማንም እንዳይነካቸው እጃቸውን ከፍ አድርገው ብቻቸውን ወደ ኮሪደሩ ተራመዱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። በሩ ነው ብለው የታጠፉበት ግድግዳ ነበር። ግንባራቸው ተመታ።

"መሸ እንዴ?" አሉ። "መብራት አብሩ እንጂ።"

ውጭ ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል። መብራቱም በርቶ ነበር። የዓለምወርቅ መብራቱ እንደበራ ነገረቻቸው። አባባ ቻላቸው እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉና፣ "በይ ያዢኝ" አሏት። እሷም ይዛ ሳሎን ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

ሎዛ ክሬሙ ለምን እንደተመረጠ ሙሉውን የሰማችው ያን ጊዜ ነው። እናቷ ማድቤት ወስዳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። ከዚያም ወረቀቱን ለጋሽ ጀማሉዲን ሰጥተሽ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። እዚህ ጋ እውነቱን ብትናገር ኖሮ ታሪኩ ባጠረ ነበር። ሎዛ ግን ሰጥቻቸዋለሁ አለች።

የዓለምወርቅ ስልክ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሎዛ ሁሉንም ትሰማለች። እናቷ የሆነውን ተናገረች። ክሬም ብዬ በእጄ ጽፌ ሳለ እንዴት እንዲህ ታደርጉኛላችሁ አለች። ጋሽ ጀማሉዲን ልጅቱ ምን እንደምትል ጠየቁ። ወረቀቱን ሰጥቻቸዋለሁ ነው የምትለው አለች እናቷ። በስልኩ ውስጥ የማሽኑ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

"እንግዲያ ስህተቱ የእኔ ይሆናላ" አሉ ጋሽ ጀማሉዲን። "ዓይኔም ደክሟል። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ የዓለም።"

እሳቸው እኮ እውነቱን ያውቃሉ። በአንዲት ልጅ ላይ ውሸታም የሚል ስም ከሚወጣ ብለው ጥፋቷን ራሳቸው ተሸከሙት። እናቷ ስልኩን ዘግታ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያመንኩት ሰው እንዲህ ካደረገኝ ከእንግዲህ ማንን አምናለሁ ብላ አዘነች።

ከዚያ ወዲያ ሎዛ መቀመጫ አጣች። ወረቀቱ አሁንም እሷ ጋ ነበር። ኪሷ ውስጥ አቃጠላትና ወደ ጫማዋ አዛወረችው። ከጫማዋ ወደ ፍራሹ ሥር፣ ከፍራሹ ወደ ቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ከዚያ ወደ ደብተሯ ወሰደችው። ባየችው ቁጥር የእናቷ የእጅ ጽሕፈት "ክሬም" ይላል። ምግብ ቀረበ፣ ሁለት ጉርሻ በልታ ተነሣች። አሪፋ ልትጫወት መጣች፣ አሞኛል አለቻት። እውነትም ታማ ነበር፤ መድኃኒቱን ብቻ አልዋጥም አለች እንጂ።

እሑድ እዚህ ክፍል መጣች፤ ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ በመስኮቱ በኩል። እኔም ሳላውቅ ያን ቀን "በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር" የሚለውን ትእዛዝ ነበር የማስተምረው። ሎዛ ሦስት ጊዜ ውሃ ልጠጣ ብላ ወጣች። በአራተኛው ከለከልኳት። ሆዷን ያማት መስሎኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ተቆጥቻታለሁም። ቀና ብዬ ሳያት እንባዋ ደብተሯ ላይ ይወርድ ነበር።

ቤት ስትገባ አባባ ቻላቸው ትላንት የተቀመጡበት ወንበር ላይ ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጃቸው ካስቀመጠቻቸው ቦታ አልተነሡም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። ኮቴ ሲሰሙ ማነው አሉ። ሎዛ መሆኗን ነገረቻቸው።

"ውሃ ጠምቶኝ ቆየሁ" አሉ። "እናትሽ ጓዳ ሥራ ይዛለች፣ እሷን አናስቸግር። እስኪ ማድቤት ድረስ እጄን ያዢኝ፣ ልጄ።"

እንደ በግ የምጎተት ከሆነ ልቅር ያሉት ሰው ናቸው። ሎዛ እጃቸውን ያዘች። የጣታቸው ጫፍ በመርፌ ብዛት ደድሯል። ሁለት እርምጃ ሄደችና መቆም አቃታት። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተንበረከከች።

"አባባ፣ ቤቱን ያጨለምኩብዎት እኔ ነኝ" አለች።

ሁሉንም ተናገረች። 37ን፣ ወረቀቱን፣ አብዱናሲርን፣ ጋሽ ጀማሉዲን ጥፋቷን መሸከማቸውን፣ አንድ ሳታስቀር። እናቷ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሎዛ ደብተሯን ገልጣ ወረቀቱን ሰጠቻት። የዓለምወርቅ አነበበችው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ብትመታት ለሎዛ ይሻላት ነበር። በመጨረሻ ስልኩን አንሥታ ደወለችና ለሎዛ ሰጠቻት።

ሎዛ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀች። በውሸቴ ስምዎን አጠፋሁ አለች።

"አብሽሪ ልጄ" አሉ ጋሽ ጀማሉዲን። "ቀለሙስ ይቅር። እኔ የፈራሁት አንቺ እንዳትበላሺ ነበር። አሁን ስልኩን ለእናትሽ ስጪያት።"

እናቷም አውፍ በሉኝ ብላ ለመነቻቸው። ሁለቱ ብዙ አወሩ። ሎዛ ምን እንዳሉ አልሰማችም፤ እናቷ ግን ስትዘጋ ፊቷ ቀለል ብሎ ነበር።

ግድግዳውስ? አብዱናሲር ሎጊያ ሌላ ሥራ ይዟል፤ ሁለት ሳምንት አይመለስም። ቤት ውስጥ የቀረው ከኮርኒሱ የተረፈ ግማሽ ጣሳ ነጭ ቀለም ነው። ለግድግዳ አይበቃም። ሎዛ ጣሳውን አየች። ከዚያ የጨለመውን ኮሪደር አየች። አዳይቱ ጋ አቧራው ውስጥ አባቷ ያላት ትዝ አላት።

መስመር ላስምር አለች። ከአባባ አልጋ ተነሥቶ በየበሩ የሚያልፍ፣ ሰማያዊው ላይ ነጭ መስመር። እናቷ ይታያቸው እንደሆነ አባባን ጠየቀች። አባባ ቻላቸው ነጩ ጣሳ ግድግዳው ሥር እንዲቀመጥ አደረጉ። ጎንበስ ብለው አዩ። ይታየኛል አሉ። ከዚያ ሻንጣቸውን አስመጥተው ከውስጡ ሜትራቸውንና የልብስ ሰፊ ጠመኔያቸውን አወጡ።

"ሳይሰመር አይቆረጥም" አሉ። ቁመቱን በራሳቸው ወገብ ለክተው ሰጧት።

ሎዛ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሠራች። በጠመኔ አሰመረች፣ በትንሽ ቡሩሽ በላዩ ነጭ ቀባች። የበሮቹንም ጠርዝ ዙሪያውን ነጭ አደረገች። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቃ ደገመችው። ላቧ ይወርዳል፤ ግን ውሃ ልጠጣ ብላ አልተነሣችም። አሪፋ በበሩ ብቅ ብላ ጠራቻት፤ ሎዛ ዛሬ አልችልም ብላ ቀጠለች። እናቷ ሁለት ጊዜ መጥታ አየቻት፤ ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ አገኘቻት። እግሯ ያን ቀን አረፈ።

ሰኞ ጠዋት አባባ ቻላቸው ከመኝታ ቤታቸው ወጡ። ማንም አልነካቸውም። የዓለምወርቅ ሳሎን በር ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ሎዛ ትንፋሿን ይዛለች። አባባ መስመሩን እያዩ ቀስ ብለው ሄዱ። የመታጠቢያ ቤቱን በር አለፉ። ማድቤቱ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ቆሙ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ።

"እዚህ ጋ ስፌቱ ጠምሟል" አሉ።

ሎዛ ደንግጣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ አለች።

"ተይው" አሉ አባባ ቻላቸው። "እዚህ ስደርስ ማድቤቱ መቅረቡን አውቅበታለሁ።"

ገቡና ብርጭቆ ፈልገው አገኙ። ውሃ ከማሰሮው ቀዱ። አንድ ጠብታ አላፈሰሱም። ጠጥተው ሲጨርሱ ሌላ ቀድተው ለሎዛ አቀበሏት፤ "አንቺም ትላንት ሳትጠጪ ነው የዋልሽው" አሏት።

ያ መስመር ዛሬም አለ። ቤቱ ከዚያ በኋላ ክሬም ተቀብቷል፤ ቀለሙን ጋሽ ጀማሉዲን በቁጥር 14 ቀላቅለው ላኩት። ያኔ ነጩ በክሬሙ ላይ አይታይምና መስመሩን በቡናማ የደገመችው ሎዛ ናት፤ የጠመመውንም ቦታ እንደ ጠመመ ትታዋለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን ሰው በጨለማ ግንባሩን ይመታል።

ስለዚህ ልጆች፣ ስናጠፋ ሌላ ሰው ጥፋታችንን ከመሸከሙ በፊት እውነቱን ፈጥነን እንናገር።